ባለ ጎማው ቃሬዛ

ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አይተኛም። ይህን በእኛ አገር ለሕፃን እንኳ የሚያስረዳ የለም፤ ከእናት ጡት ጋር ይጠባል። እኔም አውቀው ነበር። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲያችን የፈጠራ ማዕከል የሰጠኝን ቅጽ ስሞላ፣ «የሙከራ ማስረጃ፦ ሰው ተኝቶበት የሚያሳይ ቪዲዮ» የሚለው መስመር ላይ ደረስኩና ያለ አንዳች ማመንታት «ይቀርባል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ዓመት ከተማ መቀመጥ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። ኧረ ከተማው ምን በደለ፣ የራሴ ችኮላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእኅቴ ነው። የእኛ ቀበሌ ጋይንትና ስማዳ በሚዋሰኑበት በኩል፣ ገደሉ ሥር ነው። መኪና የሚገባበት ለመድረስ ዳገቱን ሁለት ሰዓት መውጣት ያስፈልጋል፤ ሰው ተሸክሞ ከሆነ ሦስትም አራትም ይፈጃል። እኅቴን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ የያዛት በኅዳር ነበር። በኅዳር ደግሞ ወንዱ የቆላ እርሻውን ሊያጭድ ይወርድና መንደሩ ለሽማግሌና ለሴት ይቀራል። ለቃሬዛ ስምንት ሰው ይፈለጋል፤ አራቱ ሲሸከም አራቱ እያረፈ፣ እየተቀያየሩ። ያን ቀን ግማሹን እንኳ ለማግኘት ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሰው ሲጠፋ አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ሳይቀሩ ገብተው ተሸከሙ።

እኅቴ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። እኔ ያኔ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቼ አስራ ሁለተኛ ክፍል እማር ነበር። ደርሼ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣትም፤ እኛም አልጠየቅናትም። የዳነ ቁስል ምን ይነካካል ብለን ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሜካኒካል ምህንድስና ስማር፣ ግንቦት ላይ፣ እናቴ ደወለችና እኅቴ እንደገና ማርገዟን በጨረፍታ ነገረችኝ። በጨረፍታ ያልኩት በእኛ ዘንድ እርግዝና በስልክ ስለማይለፈፍ ነው። «ደህና ናት፣ ትንሽ ከበድ ብሏታል» አለችኝ፤ ገባኝ። ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ወሩን ስቆጥር ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ አረፈ። እንደገና አጨዳ ነው፣ እንደገና ወንድ የለም።

የዚያኑ ሳምንት ዲፓርትመንታችን በር ላይ የተማሪዎች የፈጠራና የሥራ ፈጣሪነት ውድድር ጥሪ ተለጠፈ። ሐሳቡ ያለፈለት ሰው ዎርክሾፕ ይከፈትለታል፣ ብረትና ብየዳ ይሰጠዋል፣ አማካሪ ይመደብለታል። ያሸነፈ ደግሞ ሥራውን በብዛት እንዲያመርት ይደገፋል። ጓደኞቼ ስለ አፕ ያወራሉ፤ ምግብ ማዘዣ አፕ፣ ቤት መፈለጊያ አፕ። እኔ ቃሬዛ አልኩ። ሳቁብኝ። ጎማ ይኖረዋል ስላቸው የባሰ ሳቁ። ሰው በሳቀብኝ ቁጥር ግትር እላለሁ። ይህን አመሌን ከአባቷ ነው የወረሰችው ይላሉ፤ እኔ ግን እናቴን ነው የምጠረጥር።

አለፍኩ። ከአንድ ጋራዥ የሞተር ሳይክል የፊት ጎማ ከነፍሬኑ ለምኜ አመጣሁ። የብረት ቱቦ ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ ያልተስተካከለውን አፍርሼ እንደገና በየድኩ። የብየዳ ፍንጣሪ የተወልኝ ጠባሳ ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። የሕመምተኛውን መኝታ ከጉልበት በታች ዝቅ አድርጌ ሠራሁት፤ ዝቅ ያለ ነገር አይገለበጥም፣ ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ከፊት አንድ ሰው ይስባል፣ ከኋላ አንድ ሰው ይገፋል፣ አለቀ።

የተመደበልኝ አማካሪ ወጣት መምህር ነበር፤ ጎበዝም ደግም። በሦስት ደቂቃ ሐሳብ ማቅረብን፣ እነሱ ፒች የሚሉትን፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። ዋናዋን ዓረፍተ ነገርም የሠራልኝ እሱ ነው፤ «ስምንት ሰው የሚሠራውን ሁለት ሰው ይሠራዋል።» ዶርም ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ እንደ ውዳሴ ማርያም እደግማት ነበር።

ሰኔ ማብቂያ ላይ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ቃሬዛውን ፈታትቼ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ። ረዳቱ ምንድን ነው ሲለኝ የጋሪ ዕቃ ነው አልኩት። ቃሬዛ ብዬውማ አይጭንልኝም። ከመኪና መንገዱ ወዲያ በአህያ አወረድነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩን ሕመምተኛ በጋራ የሚሸከሙት የቃሬዛው ማኅበር ወንዶች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰቡልኝ። ገጣጠምኩት፣ ጎማውን አሽከረከርኩት፣ ፍሬኑን አሳየሁ። ከዚያ አንገቴን ቀና አድርጌ ዓረፍተ ነገሬን አልኩ። ዝም አሉ። የተደነቁ መስሎኝ ደገምኩላቸው።

አንድ ጎልማሳ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱ ይገፋሉ፤ ስድስቱስ ምን ሊሆኑ ነው? ቤታቸው ይቀመጣሉ አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። በማኅበሩ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ከሸክም የቀረ ሰው ይሰረዛል፤ የእሱም ቤት ሲታመም ተሸካሚ አያገኝም። ትከሻውን ያልሰጠ ሰው በየትኛው አንደበቱ ልጄን አውጡልኝ ይላል? እኔ ድካም የቀነስኩላቸው መስሎኝ ነበር፤ እነሱ የሰሙት ማኅበራቸውን ሳፈርስ ነው። ይህን እዚያው ቆሜ መረዳት ነበረብኝ። አልተረዳሁም። ይልቁንም ባሰብኝ፤ ማን ነው የሚተኛልኝ፣ ቪዲዮ መቅረጽ አለብኝ አልኩ።

ቅጥሩ ሥር የተቀመጠው ሁሉ አማተበ። «ጠላትሽ ይተኛበት» አለኝ አንዱ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ምርቃት። የገብስ ጆንያ እንጫን አሉኝ። ቅጹ ሰው ይላል አልኩ። ቅጹን ማን ጻፈው፣ እሱ ይምጣና ይተኛ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ደሜ ፈልቷል። እንግዲያው እኔ ራሴ እተኛለሁ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ መጣች። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ» አለች።

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ጫማዬን አጠለቅኩ።

እኅቴ ያን ቀን እንዳትመጣ ተደርጓል። ለነፍሰ ጡር ቃሬዛ ማሳየት ሟርት ነው፤ ለእሷ ብዬ እንደሠራሁት ማንም ትንፍሽ እንዳይል እናቴ ሁሉንም አስጠንቅቃለች። ባሏ ቤት ሄጄ ስጠይቃት ያመጣሁት የእህል መጫኛ ጋሪ ነው አልኳት። ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና ፈገግ አለችና፣ ተባረኪ፣ አህያችንም አረፈች አለችኝ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ማለዳ የቃሬዛው ማኅበር ሰብሳቢ እቤታችን ድረስ መጡ። ያባቴ ዘመድ ናቸው፤ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ከጉርምስናቸው ጀምሮ የተሸከሙትን ሰው ቁጥሩን እሳቸውም አያውቁት። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ ዛሬም ሸክም ሲነሣ ከፊት የሚሄዱ እሳቸው ናቸው። ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ልጄ፣ ሞት እኔን የፈለገ እንደሆን ቃሬዛሽን አይጠብቅም፣ እኔ እተኛልሻለሁ አሉኝ። እናቴ ልትከለክላቸው ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት።

አባታችን ሆይን ደገሙ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። አንዱ ከፊት ሳበ፣ አንዱ ከኋላ ገፋ። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን በስልኬ ቀረጸችልን። ጎማው ድንጋዩን እየዘለለ እስከ ዳገቱ ወገብ ደረሰ። ግን ቤታቸው ይቀመጣሉ ያልኳቸው ስድስቱ አልተቀመጡም። ግራና ቀኝ ሆነው ተከተሉ፤ ጎማው በተንገጫገጨ ቁጥር ስድስት እጅ ይዘረጋል። ዞር በሉ፣ ቪዲዮው ይበላሻል ብዬ ጮህኩባቸው። ማን ሊሰማኝ።

አያ ሲወርዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አቧራቸውን አራገፉ። እንዴት ነበር ስላቸው ይመቻል አሉኝ። ደስ አለኝ። ሌሎቹ ቁልቁል ሲጀምሩ ግን እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«በትከሻ ስንሸከም የሰውየው ጆሮ አፋችን ሥር ነው። አይዞህ ስንለው ይሰማናል፤ እሱም የልቡን ይነግረናል። እዚህ ግን እግር ነው ያየሁ ልጄ። እግርና ድንጋይ። ሰው ከቦኝ ብቻዬን ሆንኩ።»

ለሦስት ቀን ተናደድኩባቸው። እኔ ሰው ላድን፣ እሳቸው የሰው እግር አየሁ ይሉኛል። በአራተኛው ቀን ንዴቱ ለቀቀኝና ቀለል ያለኝ መሰለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። እኅቴን እዚያ ታች፣ እግር መሐል፣ አሰብኳት።

መስከረም ላይ ቃሬዛውን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ በመጋዝ ቆረጥኩት። መኝታውን እስከ ደረት ከፍ አደረግሁ፤ እንዳይገለበጥ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት መያዣ አወጣሁለት። አሁን አራት ሰው ይይዘዋል ማለት ነው። አማካሪዬ ጭንቅላቱን ያዘ። ዓረፍተ ነገራችንስ አለኝ። ወድቋል አልኩት። የስበት ማዕከል የሚባል ነገር እኮ አለ አለኝ። አውቃለሁ፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ አልኩት። ተከራከርን፣ ተኳረፍን፣ በሦስተኛው ቀን የብየዳ መነጽር አድርጎ መጣና ያግዘኝ ጀመር።

ጥቅምት ላይ የመጨረሻው ውድድር ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ወንዶቹ ክራባት አስረዋል። ቪዲዮዬ የፊተኛውን ዝቅተኛ ቃሬዛ ነው የሚያሳየው፤ መድረክ ላይ የቆመው ከፍተኛው ነው። ከዳኞቹ አንዱ ይህን ወዲያው አየ። የተሞከረውን ትተሽ ያልተሞከረውን ለምን አመጣሽ አለኝ። የተኛው ሰው የተሸካሚዎቹን ፊት እንዲያይ ነው አልኩ። ይህ ስሜት ነው፣ ምህንድስና አይደለም አለ። ደግሞ በቪዲዮው ላይ የሚተራመሱት እነማን ናቸው? ስንት ሰው ነው ቃሬዛሽ የሚቆጥበው?

«አንድም አይቆጥብም» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ቀልድ መስሏቸው ነው። ማለት የነበረብኝ ብዙ ነበር፤ ስምንት ጎበዝ በማይኖርበት ወር ማንም ቢሆን ሊይዘው እንደሚችል ማስረዳት ነበረብኝ። ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። አሸናፊዎቹ ሲጠሩ ስሜ አልነበረበትም፤ የተሳትፎ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። ላለማሸነፌ አይደለም። በብዛት የመሠራቱ ነገር ቀረ፣ ኅዳር ደግሞ ደረሰ።

ሕጉ የተሠራው ዕቃ ማዕከሉ ውስጥ ይቆያል ይላል። አማካሪዬ ግን ቢሮ ለቢሮ ተንከራቶ «ለተጨማሪ ሙከራ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረ። እቅፍ አደረግሁት፤ እሱም እኔም አፈርን። ቃሬዛውን አገር ቤት አድርሼ አያ ግቢ ገለባ ውስጥ ደበቅነው። እኅቴ ለመውለድ እናቴ ዘንድ መጥታ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጤና ጣቢያው እናቶች ማቆያ ልትገባ ተነጋግረናል። እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ነዘረ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ወጥቼ አነሣሁት። እኅትሽ ሳይታሰብ ምጥ ያዛት፣ አሁን ጤና ጣቢያ ነን አለችኝ። ሌላ ነገር ከመጠየቄ በፊት ከበስተኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለች። መምህሩ ሊያየኝ ሲወጣ በሁለት እጄ ፊቴን ሸፍኜ አገኘኝ፤ መርዶ የደረሰኝ መስሎት እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ።

ቅዳሜ አገር ቤት ገባሁ። እናቴ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ውኃ ቋጥሯል። የማክሰኞውን ነገረችኝ፤ ወንዱ ሁሉ ቆላ ነበር። አያ ቃሬዛውን ከገለባው እየጎተቱ ሲያመጡ የሚይዘው ጠፋ። በእኛ ዘንድ ሴት ቃሬዛ አትነካም፤ ከኋላ እያለቀሰች ትከተላለች እንጂ። ይህን ጊዜ ነው እናቴ የፊተኛውን መያዣ ጨብጣ ምን ትጠብቃላችሁ ያለቻቸው። ኤክስቴንሽኗ ጎኗ ገባች፣ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ያዙ፣ የቀሩት ሴቶች ግራና ቀኝ ሆኑ። አያ ከፊት ከፊት በዱላቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ዳገቱን ወጡት።

እናቴ አጥሚት ልታመጣ ስትወጣ ከእኅቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። ሕፃኗ ጡቷ ላይ ተኝታለች። ገለባው ውስጥ የነበረውን ጋሪ ነው እንዴ የሠራሽልኝ አለችኝና ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ያኛው ልጅ እኮ መንገድ ላይ ነው ሆዴ ውስጥ መንቀሳቀሱን ያቆመው» አለች። «ሲያቆም አውቄዋለሁ።»

እሷ ቀጠለች። ያን ጊዜ በራስጌዋ በኩል የተሸከሟት አማቷ ነበሩ። ከእሳቸው ፊት አንዴም ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። ደም ሲመጣባት ለአማት ደም መጣ አይባልም፤ ነጠላዋን ነክሳ ዝም አለች። አይዞሽ ልጄ ይሏት ነበር፣ ደግ ናቸው፤ እሷ ግን ፍጠኑ ለማለት እንኳ አፈረች። እነሱም ዝም ስትል የቀለላት መስሏቸው ትንሽ አረፉ። ማክሰኞ ዕለት ግን የምታየው የእናቷን ፊት ነው። ጮኸች። ደም መጣ አለች። ኤክስቴንሽኗ እዚያው አቁማ አየቻትና አምቡላንሱ እስከ መኪና መንገዱ መጨረሻ ድረስ ወርዶ እንዲቀበላቸው ደወለች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ጎማሽን ልትሞክሪ አያን አስተኝተሽ እንዴት ነበር ብለሻቸዋል አሉ። ቃሬዛ ላይ ተኝቼ የማውቀው እኔ ነበርኩ።»

በቂም አልነበረም ያለችው፤ የሕፃኗን መጠቅለያ እያስተካከለች ነው። ስንት ሰው አማከርኩ! መምህሩን፣ ጋራዡን፣ ማኅበሩን፣ ዳኞቹን። ዳገቱን በሜትር ለካሁ። እሷን ግን ሟርት እንዳይሆንባት እያልኩ ጋሪ ነው ብዬ ዋሸኋት።

ነጠላዬን አውልቄ አጠገቧ ተጋደምኩ። ከዚያ ያን ቀን እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።